ከአሠሪ ቤት ጠፍቶ መውጣት ኃጢአት ነውን?

ጥያቄ፦ ለዓምዱ አዘጋጅ። ዕድሜዬ ሃያ ስድስት ነው። በአንድ የዓረብ አገር በቤት ሠራተኛነት ቆይቼ በቅርቡ ተመልሻለሁ። ኮንትራቴ የሁለት ዓመት ነበር፤ ነገር ግን ማዳም ፓስፖርቴን ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ ቆልፋበት፣ የሰባት ወር ደመወዜንም ከልክላኝ፣ ከቤት እንዳልወጣ በር ትዘጋብኝ ስለ ነበር አንድ ሌሊት ጠፍቼ ወጣሁ፤ ከዚያም በሊሴ ፓሴ (በፓስፖርት ፈንታ በሚሰጥ የጉዞ ወረቀት) አገሬ ገባሁ። ለጉዞዬ ገንዘብ ያበደሩኝ አጎቴ በቤተ ክርስቲያን የሚከበሩ፣ መጽሐፍ የሚያነቡ ሰው ናቸው። እሳቸውም መልአኩ አጋርን «ወደ እመቤትሽ ተመለሺ» እንዳላት፣ ቅዱስ ጳውሎስ አናሲሞስን ወደ ጌታው እንደ መለሰው፣ ቅዱስ ጴጥሮስም ለጠማማ ጌታ ጭምር ተገዙ እንዳለ እየጠቀሱ «ትዕግሥት አጥተሽ በእግዚአብሔር ላይ አመፅሽ» ይሉኛል። ገልጬ ሳነበው ጥቅሶቹ አሉ። ለመቁረብ እንኳ ፈርቻለሁ። በእርግጥ በድያለሁ? ደግሞስ እግዚአብሔር ሰውን ሁሉ በአርአያው ከፈጠረ፣ መጽሐፉ ባርነትን ለምን ፈጽሞ አልከለከለም?
ግራ የገባት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ ከዚያ ቤት በመውጣትሽ አልበደልሽም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፍልሽ ከቅዱስ ቁርባን እስከ መራቅ ያደረሰሽ ፍርሃት ረጅም ማብራሪያ እስኪያልቅ መጠበቅ ስለሌለበት ነው። ምክንያቱን ግን በዝርዝር ማስረዳት ይገባኛል፤ አጎትሽ የጠቀሷቸው ቃላት አንቺም እንዳየሽው በመጽሐፉ ውስጥ ስላሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚታለፉ አይደሉም።

በመጀመሪያ አጎትሽ ሳይለዩ ያለፉት ነገር አለ። የጠቀሱት ሁሉ የተነገረው በገንዘብ ስለ ተገዙ ወይም በባርነት ውስጥ ስለ ተወለዱ ሰዎች ነው፤ አንቺ ግን በውል ልትሠሪና ደመወዝ ልትቀበዪ የሄድሽ ሠራተኛ ነሽ። ስለ ደመወዝተኛ መጽሐፍ የሚናገረው ሌላ ነው። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 24 ድሀውን ሠራተኛ፣ ወገንም ይሁን መጻተኛ፣ እንዳታስጨንቀው፣ የቀን ዋጋውንም ፀሐይ ሳይገባ እንድትከፍለው ያዝዛል፤ ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ አምስተኛ ምዕራፍ፣ የተቀማው የአጫጆች ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ፣ ጩኸታቸውም ወደ ጌታ ጆሮ እንደ ገባ ይናገራል። ማሳደር የተከለከለውን ዋጋ ሰባት ወር የያዘች ሴት ውሉን አስቀድማ አፍርሳዋለች፤ ስለዚህ «ሁለት ዓመት እሠራለሁ ብዬ ቃሌን አጠፍሁ» ብለሽ ራስሽን አትክሰሺ። አጎትሽ «የለም፣ ያንቺ ነገር የሚዳኘው ስለ ባሪያ በተጻፈው ነው» የሚሉ ከሆነ ደግሞ ያቺ ሴት እንደ ባሪያ ይዛሽ እንደ ነበር ራሳቸው መሰከሩ ማለት ነው። እንግዲያስ ስለ ኮበለለ ባሪያ የተጻፈውንም አብረው ያንብቡ። ዘዳግም 23፥15-16 ከጌታው ኮብልሎ ወደ አንተ የመጣውን ለጌታው አሳልፈህ አትስጥ፣ በመረጠው ስፍራ በመካከልህ ይቀመጥ፣ አታስጨንቀውም ይላል። ከዚያ አስቀድሞ በባቢሎን የወጣው የሐሙራቢ ሕግ የኮበለለ ባሪያ በቤቱ የሸሸገውን ሰው በሞት ይቀጣ ነበር፤ ኦሪት መሸሸግን ትእዛዝ አደረገችው። በደመወዝተኛም በባሪያም ሕግ ብትዳኚ፣ በመውጣትሽ የሚከስሽ ቃል አላገኘሁም።

አጋርን በተመለከተ፣ መልአኩ በዘፍጥረት 16 «ተመለሺ» እንዳላት እውነት ነው። ይህ ለብዙ አንባቢዎች ከባድ ነው፤ እኔም አላቀልለውም። ሆኖም ታሪኩን ቀስ ብለሽ ብታነቢ አብርሃምና ሣራ ስለ እርሷ ሲነጋገሩ «ባሪያዬ»፣ «ባሪያሽ»፣ «ይህችን ባሪያ» ሲሉ እንጂ አንድ ጊዜ እንኳ ስሟን ሲጠሩ አትሰሚም፤ በምድረ በዳ በውኃው ምንጭ አጠገብ «አጋር» ብሎ የጠራት መልአኩ ነው። ከየት መጣሽ፣ ወዴትስ ትሄጃለሽ ብሎም ጠየቃት። ትእዛዙ የተሰጠው ነፍሰ ጡር ሆና በበረሃ መንገድ ላይ ለነበረች ለአንዲት ሴት ሲሆን፣ ዘርሽን አበዛለሁ ከሚል ተስፋ ጋር ከእግዚአብሔር በተላከ መልአክ አፍ የመጣ ነው። የሚመጣውን የማያይ ሰው ያንን ቃል ወስዶ ለሌላ ሴት ትእዛዝ ሊያደርገው አይችልም። «የሸሸ ሁሉ ይመለስ» የሚል ቋሚ ሥርዓት ቢሆን ኖሮ በምዕራፍ 21 ይደገም ነበር፤ በዚያ አጋር ከልጇ ጋር በቤርሳቤህ ምድረ በዳ ስትቅበዘበዝ፣ በአቁማዳው የነበረው ውኃ አልቆ ልጇ ሲሞት ላለማየት ርቃ ስትቀመጥ፣ እግዚአብሔር የውኃ ጉድጓድ አሳያት እንጂ ወደ ሣራ ድንኳን አልመለሳትም። አጎትሽ ምዕራፍ 16ን ብቻ መጥቀሳቸው ያሳዝነኛል።

አናሲሞስ ወደ ጌታው ወደ ፊልሞና ሲመለስ የተጻፈው የፊልሞና መልእክት ከሦስቱ ጥቅሶች ሁሉ ይልቅ በአንቺ ላይ ሊነሣ የማይገባው ነው። ሃያ አምስት ቁጥር ያላት አንዲት ምዕራፍ ስለሆነች ዛሬ ማታ ከአጎትሽ ጋር ተቀምጣችሁ ብታነቧት እመክራለሁ። ጳውሎስ የጻፈው ራሱ እስረኛ ሆኖ ነው። መልእክቱን የላከው ለፊልሞና ለብቻው አይደለም፤ ለአፍብያ፣ ለአርክጳና በቤቱ ለምትሰበሰበው ቤተ ክርስቲያን ጭምር ነው። ይህም ማለት ጌታው አናሲሞስን እንዴት እንደሚቀበለው ጎረቤት የሆነ ምእመን ሁሉ እያየ ነው፤ በር ዘግቶ ሊገርፈው አይችልም። በቁጥር 16 ከእንግዲህ ወዲህ እንደ ባሪያ ሳይሆን ከባሪያ የሚሻል የተወደደ ወንድም አድርገህ ተቀበለው ይለዋል፤ በቁጥር 17 ደግሞ እኔን እንደምትቀበል ተቀበለው ይላል። በቁጥር 22 «ማደሪያ አዘጋጅልኝ» ብሎ መምጣቱን ያስታውቃል፤ መጥቶ በዓይኑ ሊያይ ነውና የመልእክቱ ኃይል ያለው እዚህች ላይ ጭምር ነው። የሮም ሥርዓት የኮበለለ ባሪያን በግንባሩ ላይ ምልክት እስከ ማድረግ ይደርስ በነበረበት ዘመን፣ ሐዋርያው አናሲሞስን ያለ መከላከያ አልላከውም።

ቁጥር 18ንና 19ን ግን ለአጎትሽ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላቸው። «የበደለህ ወይም ዕዳ ያለበት ከሆነ በእኔ ላይ ቁጠረው፤ እኔ እከፍላለሁ» የሚል ነው ሐሳቡ። አጎትሽ ይህን መልእክት ሲጠቅሱ በጳውሎስ ቦታ የቆሙ ከሆነ፣ ጳውሎስ ስለ ወደቀው ሰው ዕዳ የተሸከመ እንጂ ዕዳውን የጠየቀ ሰው አይደለም። ይህን ስል አጎትሽን ለመንቀፍ አይደለም። ያበደሩሽ ገንዘብ ያሳሰባቸው ይመስለኛል፤ ሰው ሲጨነቅም ዓይኑ ጭንቀቱን የሚደግፍለትን ጥቅስ ፈጥኖ ያገኛል። ስለ ዕዳው ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

የቅዱስ ጴጥሮስን ቃል በተመለከተ ረጅም ነገር አያስፈልግም። በ1ኛ ጴጥሮስ 2 የተጻፈው የሚወጡበት በር ለሌላቸው ሰዎች ነው፤ ሐዋርያው ጌታውን «ጠማማ» ይለዋል፣ መከራውንም የግፍ መከራ ይለዋል፣ የተገፋውንም ከክርስቶስ ጋር ያቆመዋል። በር ለተከፈተለት ሰው ደግሞ ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 7፥21 አርነት ልትወጣ ቢቻልህ አርነትን ተቀበል ብሎታል፤ ከሁለት ቁጥር በኋላም በዋጋ ተገዝታችኋልና የሰው ባሪያዎች አትሁኑ ይላል። አንቺ የቻልሽው ሌሊት ተቀበልሽው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄሽ ልምጣ። መጽሐፉ ባርነትን ለምን ፈጽሞ አልከለከለም? ከልካይ የሆነ አንድ ቁጥር ፈልጌ ላሳይሽ አልችልም፤ እንዲያውም የሚያሳምሙ ቁጥሮች አሉ። ዘሌዋውያን 25፥44-46 እስራኤላውያን ከአሕዛብ የገዟቸውን ባሪያዎች ለልጆቻቸው እንዲያወርሱ ይፈቅዳል፤ ዘጸአት 21፥21 የተመታው ባሪያ አንድ ወይም ሁለት ቀን ከቆየ ጌታው አይቀጣም፣ «ገንዘቡ ነውና» ይላል። እነዚህን ሲያነብ ልቡ የማይደማ ሰው በትክክል አነበበ ለማለት ይከብደኛል። ጌታችን ግን ስለ ፍቺ ሲጠየቅ የኦሪትን ፈቃዶች የምናነብበትን መንገድ አሳይቶናል፤ ሙሴ የፈቀደላችሁ ስለ ልባችሁ ጥንካሬ ነው፣ ከጥንት ግን እንዲህ አልነበረም አለ። ስለ ባርነት «ከጥንት» የሚባለው የትኛው ነው? ዘፍጥረት አንድ ነው። በዚያ ሰው በዓሣ፣ በወፍና በእንስሳ ላይ ሥልጣን ተሰጠው እንጂ በሰው ላይ አልተሰጠውም። ከዚህ መነሻ የተነሣው የአራተኛው ምዕት ዓመት አባት ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ፣ በስሙ የሚጠራ ቅዳሴ በእኛም ቤተ ክርስቲያን የሚቀደስለት፣ መጽሐፈ መክብብን ሲተረጉም «ወንዶችና ሴቶች ባሪያዎችን ገዛሁ» የሚለው ቃል ላይ ደርሶ ገዢውን በጥያቄ አፋጠጠው፤ በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረውን፣ ምድር ሁሉ የተገዛችለትን ሰው በስንት ገንዘብ ተመንኸው፣ የሽያጩስ ወረቀት በእርግጥ የሰው ጌታ አደረገህን አለው። ከሺህ ስድስት መቶ ዓመት በፊት እንዲህ የተናገሩ ሰዎች ጥቂት ነበሩ።

ልብ በራደ ጊዜ ከፈቃዱ ጋር የተሰጡትን ገደቦች ተመልከቺ። ዘጸአት 21 ባሪያ ይዞ የሚቀጥለውን ሰው ሥርዓት ሲሰጥ፣ በቁጥር 16 ሰውን ሰርቆ የሚሸጥን በሞት ይቀጣል፤ ያ ቁጥር ቢከበር ኖሮ የባሪያ ንግድ የሚባለው ነገር ሁሉ ከመነሻው ይደርቅ ነበር። ጌታው ጥርሱን የሰበረው ባሪያ ስለ ጥርሱ አርነት ይወጣል። ዘዳግም 15 ዕብራዊው ባሪያ በሰባተኛው ዓመት ሲወጣ ከመንጋው፣ ከአውድማውና ከወይን መጭመቂያው ተሰጥቶት እንጂ ባዶ እጁን እንዳይሰናበት ያዝዛል፤ ምክንያቱንም አንተም በግብፅ ባሪያ እንደ ነበርህ አስብ ብሎ ይነግራቸዋል። ሕዝቡ ይህን ሲረሳ ምን እንደሚሆን በኤርምያስ 34 ታገኚዋለሽ። ባቢሎን ኢየሩሳሌምን በከበበች ጊዜ ንጉሡ ሴዴቅያስና መኳንንቱ ቃል ኪዳን ገብተው ባሪያዎቻቸውን ለቀቁ፤ ከበባው ጋብ ሲል መልሰው ያዟቸው። እግዚአብሔርም በነቢዩ አፍ፣ ለወንድሞቻችሁ አርነት አላወጃችሁምና እኔ ለእናንተ ለሰይፍ፣ ለቸነፈርና ለራብ አርነት አውጅላችኋለሁ አላቸው። ይህን ያህል የመረረ ፌዝ በነቢያት ዘንድ ብዙ አላነበብሁም።

መጽሐፉ ሲነበብ ወዴት እንደሚወስድ ከባሪያ ጌቶች የተሻለ የተረዳው የለም። እ.ኤ.አ. በ1807 ለንደን ውስጥ፣ በብሪታንያ ሥር በነበሩት የምዕራብ ኢንዲስ ደሴቶች ለሚኖሩ ጥቁር ባሪያዎች ተብሎ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተመረጡ ክፍሎች ታተሙ። ዮሴፍ ተሽጦ በጌታው ቤት በታማኝነት ማገልገሉ ገብቷል፤ ሙሴ ሕዝቡን ከፈርዖን እጅ ማውጣቱ ግን ወጥቷል። በኤፌሶን 6 ባሪያዎች ለጌቶቻችሁ ታዘዙ የሚለው እንዳለ ተቀምጧል፤ በገላትያ 3፥28 በክርስቶስ ባሪያ ወይም ጨዋ የለም የሚለው ተቆርጧል። ከብሉይ ኪዳን አብዛኛው፣ ከሐዲስም እኩሌታው የሚሆነው በዚያ ጥራዝ ውስጥ የለም። መጽሐፉ በሙሉው ለባርነት የሚመች ቢሆን ኖሮ መቀስ ለምን አስፈለገ? አጎትሽ መቀስ አላነሡም፤ ነገር ግን ሦስት ጥቅስ መርጦ ሌላውን ዝም ማለትም ወደዚያው ያደርሳል።

ይህ የባዕድ አገር ሰዎች ጥፋት ብቻ እንዳይመስልሽ። ፍትሐ ነገሥት፣ በ13ኛው ምዕት ዓመት በግብፅ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ ወደ ግእዝ የተመለሰውና አገራችን ለዘመናት የተዳደረችበት መጽሐፍ፣ ስለ ባርነት ሲጀምር አርነት ለሰው ሁሉ በተፈጥሮ ሕግ የተገባ ነው ይላል፤ ወዲያው ግን ጦርነት ተሸናፊውን ለአሸናፊው ባሪያ ያደርጋል ብሎ ያንኑ ዘሌዋውያን 25ን ይጠቅሳል። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አንብበው ሁለተኛውን የኖሩበት አባቶች የኛው አባቶች ናቸው፤ ጾም የሚጾሙ፣ ታቦት የሚያነግሡ ቤቶች ባሪያ ነበራቸው። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የባርነት ጉዳይ ዋና መከራከሪያ ነበር፤ በዚያው ዓመት ቀስ በቀስ ነፃ የሚያወጣ አዋጅ ተነገረ፣ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ባርነት በሕግ ፈጽሞ ቀረ። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት እንኳ አልሞላም። አንዳንዶች ዛሬም «ካም ተረግሟል» እያሉ ጥቁርን ሰው ለባርነት የተመደበ ሲያደርጉት ይሰማል፤ በዘፍጥረት 9 የተረገመው ከነዓን ነው፣ የጥቁር ሕዝብ አባት የሚባለው ኩሽ በእርግማኑ ውስጥ ስሙም አልተነሣም።

አጎትሽ የሚጠቅሱት አናሲሞስ በዚህችው አገር ሌላ ታሪክ አለው። በ19ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ ኢሉባቦር ውስጥ የተወለደ ሂካ የሚባል የኦሮሞ ልጅ በሕፃንነቱ ከእናቱ ተነጥቆ ከነጋዴ ወደ ነጋዴ ሲሸጥ ምጽዋ ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1870 እዚያ ነፃ ወጥቶ ወደ ስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ፤ ሲጠመቅም አናሲሞስ ተባለ። አናሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ ኦሮምኛ መለሰ፤ በግእዝ ፊደልም እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። አብራው የደከመችው አስቴር ጋኖም ወደ ዓረብ ምድር ከሚሄድ የባሪያ መርከብ ላይ የጣልያን ባሕር ኃይል ያስጣላት ሴት ነበረች። እነዚህ ሁለቱ ዘጸአትንና የፊልሞናን መልእክት ቃል በቃል ሲተረጉሙ የተሸጡባቸውን ገበያዎች የሚያስታውሱ ሰዎች ነበሩ። «ለጌቶቻችሁ ታዘዙ» የሚለውን አልዘለሉትም፤ ሙሉውን መጽሐፍ ለሕዝባቸው ሰጡ። አጎትሽ አናሲሞስን ሲያነሡ ይህኛውንም እንዲያውቁት እወዳለሁ።

እንግዲህ ምን ታደርጊ? ስለ ቁርባን ፍርሃትሽን ለንስሐ አባትሽ ገልጸሽ ንገሪ፤ ሌላ የሚናዘዙበት ነገር ካለሽ ያን ተናዘዢ እንጂ ከተዘጋ በር መውጣትን ከኃጢአትሽ ጋር አትቁጠሪው። ያቺን ሴት ይቅር ማለት በጊዜው ይመጣ ይሆናል፤ ዛሬውኑ በግድ ከራስሽ አትጠይቂ፤ ይቅር ብትያትም የሰባት ወር ደመወዝሽን መጠየቅሽ ከይቅርታው ጋር አይጣላም።

ስለ አጎትሽ ብድር ደግሞ እውነቱን እንናገር፤ ዕዳ ነው፣ እሳቸውም ምናልባት ከጉሮሯቸው ቀንሰው የሰጡሽ ነው። ስለዚህ «ግፍ ደርሶብኛልና አልከፍልም» አትበዪ። ነገር ግን ነህምያ 5ን አብረሽ ያዢ፤ በራብ ዘመን ከወንድሞቻቸው የተበደሩ አይሁድ ሴቶች ልጆቻቸውን ለባርነት እስከ መስጠት ደርሰው ሲጮኹ ነህምያ እጅግ ተቆጥቶ አበዳሪዎቹን በጉባኤ ገሠጻቸው፣ እርሻቸውንና ቤታቸውንም እንዲመልሱላቸው አስማላቸው። ዕዳ ይከፈላል፤ የሰው ልጅ ግን የዕዳ መያዣ አይሆንም። አጎትሽ የሚያከብሯቸውን አንድ ሽማግሌ ይዘሽ ሂጂና የብድሩን ነገር ከኃጢአቱ ነገር ለይታችሁ ተነጋገሩ፤ ሥራ ስታገኚ በየወሩ ምን ያህል እንደምትሰጪያቸው በወረቀት ላይ አስፍሪው። «ተመልሰሽ ሌላ አገር ሂጂና ክፈይ» የሚል ሐሳብ ከመጣ እምቢ ማለት ትችያለሽ፤ እምቢታሽን ሽማግሌው እንዲሰሙትም አድርጊ።

የሄድሽው ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ ከሆነ ያልተከፈለሽን ደመወዝ ይዘሽ ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር አመልክቺ፤ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ የላኩሽን ኤጀንሲዎችም ኃላፊነት ውስጥ ያስገባል። በደላላ ሄደሽ ከሆነ መንገዱ ይከብዳል፤ ቢሆንም የሆነውን ሁሉ፣ የገባሽበትን ቀን፣ የተከፈለሽንና የተከለከልሽውን ወር ለይተሽ፣ ሳይረሳሽ ጻፊው። የሊሴ ፓሴሽን ኮፒ አስቀምጪ። የኮንትራቱ ቅጂ በእጅሽ ከሌለ ኤጀንሲው ዘንድ መኖር ስላለበት ጥያቄሽን በጽሑፍ አቅርቢ፣ የተቀበሉበትንም ማኅተም አስመቺ።